ሰባት ሰኞ ለአንድ ግድግዳ

አንዳንድ ታላላቅ ሥራዎች የሚጽፍላቸው ሰው አጥተው ተረስተው ይቀራሉ። የጋሽ ደመቀ የምዕራብ ግድግዳ ግን እኔን አግኝቷል፤ ዕድለኛ ነው። ማርቆስ እባላለሁ። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው በጋሽ ደመቀ ግቢ፣ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በግድግዳው ጉዳይ ላይ ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የተመረጥኩት በሙሉ ድምፅ ነው፤ መራጩ ጋሽ ደመቀ ብቻቸውን ስለነበሩ ድምፁ የሚከፋፈልበት መንገድም አልነበረም።

ጋሽ ደመቀን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ስሙን በማልጠራው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰዓት ፊርማ ተቆጣጣሪ ነበሩ። በየጠዋቱ መዝገቡን በር ላይ ይዘረጋሉ፤ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ በላይ የፈረመ ታማኝ፣ ከመስመሩ በታች የፈረመ ወስላታ። ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። መሥሪያ ቤቱ በነዚያ ሠላሳ አንድ ዓመታት ምን እንደሠራ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። "ሁሉም በሰዓቱ ይገባ ነበር" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ጡረታ ሲወጡም ገና ያልተጻፈበት አንድ ወፍራም መዝገብ ተሸልመው ነው የወጡት።

ቤታቸው ከአባታቸው የወረሱት የጭቃ ቤት ነው። በእድሜ ከሳቸው ጥቂት ቢያንስ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ልስኑ ተሰነጣጥቆ አምና ክረምት ውሃ አስገባ። ከግድግዳው ሥር ያለው ደግሞ የባለቤታቸው የእትዬ ወለተጻድቅ አልጋ ነው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አልጋው ዞር የሚልበት ቦታ የለም። አምና ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲያስሉ ጓሮ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ቀልዱን ትተን፣ ያንን ሳል እየሰሙ መተኛት ከባድ ነው። ሐኪሙም ሁለተኛ እርጥብ ቦታ እንዳይተኙ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ስለዚህ እትዬ ዘንድሮ የፋሲካ ዶሮ ገና ከድስቱ ሳያልቅ ባላቸውን ያዙ።

"ደመቀ፣ ሰኔ ሳይገባ ይሄን ግድግዳ አስለስንልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

ጋሽ ደመቀ ጥያቄውን በበጎ ጎኑ ተመለከቱት። እትዬ ግን መመልከታቸው እስኪያበቃ አልጠበቁም፤ የሰፈሩን ለሳኝ ገሜዳን አስጠሩት። ገሜዳ መጣ፤ ግድግዳውን በጣቱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ጆሮውንም ለጠፈበት።

"የሦስት ቀን ሥራ ነው እትዬ" አለ። "የላላውን ብቻ አራግፉት። የያዘውን እንዳትነኩብኝ፣ አደራ። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታችሁ አሰንብቱት። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ።"

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ደመቀ የጡረታ መዝገባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፕላስቲኩ አውጥተው በር ላይ ዘረጉት። አንድ ሰዓት ሆነ። ቀዩ መስመር ተሰመረ። ገሜዳ የመጣው አርብ አራት ሰዓት ላይ፣ እስከ ክርኑ ጭቃ እንደለበሰ ነው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር የአንዲት አራስ ቤት ግድግዳ ወርዶ፣ እሱን ሳቆም ቀኑ አለቀብኝ።"

"ቀጠሮህ መቼ ነበር?"

"ሐሙስ።"

"ዛሬስ ምንድን ነው?"

"አርብ። ግን ይኸው መጣሁ። ጭቃው ቦክቷል?"

"የጭቃውን ነገር ተወው። ፈርም።"

"ምን ላይ?"

"ከቀዩ መስመር በታች።"

ገሜዳ ጨዋ ሰው ነው፣ ፈረመ። የጣቱ ጭቃ ገጹ ላይ ቀረ። ጋሽ ደመቀም ስለ መጣ አመስግነው፣ ስለ ዘገየ አሰናበቱት።

እትዬ ከውስጥ ሮጠው ወጡ። "ኧረ በመድኃኔዓለም! ሰውዬው እኮ ጭቃውን በእጁ ይዞ ነው የመጣው! ምን አድርግ ነው የምትለው?"

"ወለቴ፣ በስሜት አንመራም" አሉ ጋሽ ደመቀ። "ሥራውን ያውቅ ይሆናል። ሰዓቱን ግን አያውቅም።"

እውነት ለመናገር ጋሽ ደመቀ ለሳኝ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ለሳኝ የሳሎኑን ግድግዳ እኩሌታውን ለስኖ፣ ምሳ በልቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ። መሰላሉን እንኳ አልወሰደም። መሰላሉ እስከ ዛሬ ልብስ ይሰጣበታል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደመቀ ስለ ልስን ሲያስቡ የሚታያቸው ልስን ሳይሆን የሚጠፋ ሰው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የተሰበሰብነው እሳቸውና እኔ ነን። እትዬ በባለድርሻነት ተጋብዘው "እኔ ሥራ አለብኝ" ብለው አልተገኙም። ጋሽ ደመቀ ብድግ ብለው ቆመው ተናገሩ፦

"ለልስን ሥራ መሳካት ወሳኙ ልስኑ አይደለም፣ ለሳኙ ነው። ከለሳኙ ደግሞ ወሳኙ እጁ አይደለም፣ እግሩ ነው። መምጣት! ያልመጣ እጅ ምን ይሠራል?"

ብቻዬን አጨበጨብኩ። ወዲያውም አቅጣጫ ተቀመጠ። ዕጩ ለሳኞች ሰባት ተከታታይ ሰኞ፣ ልክ በአንድ ሰዓት ይቀርባሉ። ምንም ሥራ አይሰጣቸውም። ከቀዩ መስመር በላይ ፈርመው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ተብለው ይሄዳሉ። ሰባቱንም ሰኞ ሳያዛንፍ የመጣ ታማኝነቱ ተረጋግጦ ግድግዳው በአደራ ይሰጠዋል። "ያለ ሥራ የመጣ ሰው፣ ለሥራ ሲጠራ ይቀራል?" ብለው ጠየቁኝ። ልመልስ ነበር፤ ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ የሚጽፍ እንጂ የሚመልስ ስላልሆነ ጥያቄውን ጻፍኩት።

በዚያው ጠዋት 18 ማዞሪያ ወረድን። የቀን ሠራተኞቹ እንደ ወትሯቸው ዕቃቸውን ታቅፈው ሥራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ደመቀ በሙሉ ልብስ፣ መዝገቡን በብብታቸው ሸጉጠው አንድ ድንጋይ ላይ ወጡ።

"ሰኞ ልክ በአንድ ሰዓት ቤቴ የሚመጣ ማነው?"

"ሥራው ምንድን ነው አባት?" አለ አንዱ።

"እሱ በሂደት ይገለጻል።"

ለሳኝነታቸው ከያዙት ዕቃ ስለሚታይ መጠየቅ አላስፈለገም። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ያኔ አንድ ካፖርት የለበሰ፣ ረጅም ዱላ የያዘ ጎልማሳ በአጠገባችን ሲያልፍ ጋሽ ደመቀ አስቆሙት።

"አንተስ?"

"እኔ?"

"አዎ አንተ። ሰኞ በአንድ ሰዓት ትመጣለህ?"

ሰውየው እሳቸውንም እኔንም አየና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። "እሺ ጋሼ። ከጠሩኝ እመጣለሁ።"

ወንድዬ ተብሎ ተመዘገበ። ጋሽ ደመቀ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያነሱት እሱን ነው። "ዱላውን አየኸው? እንዴት ቀጥ ያለ ነው! መለኪያውን ከእጁ የማይለይ ባለሙያ!" እኔም "ዕጩ 12፦ መለኪያ ይዞ ይዞራል" ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ ሃያ፣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ አሥራ ሁለቱም መጡ። ውጤቱ እጅግ አበረታች ነበር። በሁለተኛው ሰኞ ሰባት ቀሩ። አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው "ሥራ አገኘኋ!" አለኝ። ለጋሽ ደመቀ ነገርኳቸው። በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አየህ ማርቆስ፣ ሥራ ሲያገኝ የሚቀር ሰው። እንዲህ ያለውን ሥራ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።"

ይኸው ነጥብ በጥልቀት ተገምግሞ መመሪያ ሆኖ ጸደቀ፦ ሥራ ያለው ለሳኝ አይታመንም። በሦስተኛው ሰኞ ሦስት ሰዎች ቀርበው ነበር፤ ከነሱም አንዱ ግድግዳውን አይቶ "ዛሬ ልጀምርልዎት?" ስላለ በትዕግሥት ማነስ ተሰናበተ። በአራተኛው ሁለት። ከአምስተኛው ጀምሮ ወንድዬ ብቻውን። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በር ላይ ይቆማል፤ ይፈርማል፤ "ዛሬስ እንዴት አደሩ ጋሼ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ይላል፤ ጥቂት አጫውቷቸው ይሄዳል። አንድ ሰኞ ሙዝ ይዞ መጣ። ጋሽ ደመቀ ሙዙን ጉቦ እንዳይሆን ፈርተው በመዝገቡ አስመዝግበው በሉት።

እስከዚያው ግድግዳውም ሥራ አልፈታም። "ለሳኙ ሲመረጥ ዝግጁ የሆነ ግድግዳ ሊጠብቀው ይገባል" ተብሎ የዝግጅት ምዕራፍ ተከፍቶ ነበር። ጋሽ ደመቀ በመዶሻ፣ እኔ በአሮጌ ቢላ ገጠምነው። የላላውን በመጀመሪያው ሳምንት ጨረስን። ክንውኑ ሃያ በመቶ ነበር። መቶ እስኪሞላ ደግሞ ማቆም አይቻልም።

"ገሜዳ የያዘውን አትንኩ ብሏል!" አሉ እትዬ በሁለተኛው ሳምንት፣ የባላቸውን እጅ ከነመዶሻው ይዘው።

"ገሜዳ ከመስመር በታች የፈረመ ሰው ነው" አሉ ጋሽ ደመቀ። "ምክሩም እዚያው ነው።"

"ደመቀ፣ ሰኔ እየመጣ ነው!"

"ይምጣ! እኛም እየተዘጋጀን ነው።"

ልስኑ አለቀ። ከልስኑ ሥር ያለው ጭቃ ደግሞ ድሮ በጋሽ ደመቀ አባት ጊዜ የተመረገ ነው፤ ጠጣር ነበር፤ ብዙ ታገለን። እሱንም አሸነፍነው። በአምስተኛው ሳምንት ማገሩ ወጣ፣ በስድስተኛው በማገሩ መሀል መንገዱ ታየ። ክንውን ዘጠና ስድስት በመቶ። እትዬ የተቀደደ አንሶላ ከውስጥ ሰቀሉ፤ ነፋሱ ግን አንሶላውን በየጊዜው ይገልጠዋል። አንድ ጠዋት አትክልት የምትሸጠው ጎረቤታችን አልማዜ ቅርጫቷን አዝላ ስታልፍ ቆመች።

"እትዬ ወለቴ እንዴት አደሩ? ምነው ዛሬ ዓይንዎ ያበጠ፣ አልተኙም እንዴ?"

"የት ሆነሽ ነው የምታዪኝ አንቺ?"

"መንገድ ላይ ነኝ። ውይ፣ አይነሱ አይነሱ! ብርድ ልብሱ ወርዶብዎታል፣ በግርጌ በኩል።"

ይህ ሁሉ ሕዝባዊ ተሳትፎ ስለሚባል መዘገብኩት። እትዬ ግን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እሱን አልመዘገብኩም።

ሰኔ ሁለት፣ ሰባተኛው ሰኞ ደረሰ። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማዩ ከዘነበወርቅ በኩል ጠቁሯል። ግቢው ግን ተጠርጓል፤ ቄጠማም ተጎዝጉዟል። ወንድዬ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መጣና ለሰባተኛ ጊዜ ከቀዩ መስመር በላይ ፈረመ። ጋሽ ደመቀ ያዘጋጁትን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። እንባ እንባ ብሏቸው ነበር።

"ዛሬ፣" አሉ፣ "በአሥራ ሁለት ተወዳዳሪዎች መካከል በተካሄደ ግልጽና ፍትሐዊ ውድድር፣ በሰዓት አክባሪነቱ ወደር የሌለው ባለሙያ ተገኝቷል። የዝግጅት ምዕራፋችንም ቁርጠኛ በሆነ ርብርብ መቶ በመቶ ተጠናቋል። ይህ ግድግዳ ለመጪው ትውልድ ..."

ነጎድጓድ አቋረጣቸው። ወደ ወንድዬ ዞሩ።

"በል እንግዲህ ልጄ፣ ጀምር!"

"ምኑን ጋሼ?"

"ልስኑን ነዋ!"

"እሺ። ማን ነው የሚለስነው?"

"አንተ!"

ወንድዬ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "እኔ? እኔ እኮ ዘበኛ ነኝ ጋሼ።"

ጋሽ ደመቀ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ቃለ ጉባኤው ዞርኩ። አርባ ሦስት ገጽ ገለበጥኩ። የመኖሪያ ሰፈር ተጠይቋል፣ የልደት ዘመን ተጠይቋል፣ ሰዓት ያስር እንደሆነና ሰዓቱ ወደፊት የሚሄድ ወይም ወደኋላ የሚቀር መሆኑ ተጠይቋል። መለሰን ይችል እንደሆነ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

"ለሳኝ አይደለህም?" አሉ ጋሽ ደመቀ ቀስ ብለው።

"ኧረ አይደለሁም። ዘነበወርቅ አንድ መጋዘን ነው የምጠብቀው። ጠዋት ስወጣ መንገዴ በዚህ ነው።"

"ታዲያ ሰባት ሰኞ ሙሉ ምን ልትሠራ መጣህ?"

ወንድዬ አቀረቀረ። "ቅር አይበልዎ ጋሼ። ጡረታ ወጥተው፣ ጠያቂ አጥተው፣ ሰው ናፍቆዎት መስሎኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ቆሞ 'ቤቴ የሚመጣ ማነው' ሲል ሰምቼ እንዴት ጥዬ ልሂድ? መዝገቡንም የጠያቂዎች መዝገብ ነው ብዬ ነው የፈረምኩት። በሽተኛ እጠይቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ከውስጥ፣ በማገሩ መሀል አንገታቸውን አውጥተው ይሰሙ ነበር። "አልተሳሳትክም ልጄ" አሉት። "በደንብ አድርገህ ነው የጠየቅከው።"

ዝናቡ የጀመረው ያኔ ነው። ቀስ ብሎ ማካፋት የሚባል ነገር የለም፤ ዱብ አለ። የሰኔ ዝናብ ከምዕራብ እየነዳ በማገሩ ገብቶ አልጋውን፣ ፍራሹን፣ የእትዬን ሣጥን አጠባቸው። እኔና ወንድዬ አልጋውን ልናነሳ ተሯሯጥን። ጋሽ ደመቀ ወረቀታቸውን እንደያዙ ቆመው "ግን እኮ ዝግጅቱ ተጠናቆ ነበር" ይላሉ ደጋግመው። እትዬ ነጠላቸውን ደርበው በዝናብ ወጡና ገሜዳን ፍለጋ ሄዱ። ተሠርቶ ካላለቀ አንድ ቤት ውስጥ አገኙት። ነገ እመጣለሁ አላቸው። የመጣው ከነገ ወዲያ ነው።

ገሜዳ ግድግዳው ከነበረበት ፊት ለፊት ቆመ። የሚያንኳኳው ነገር ስላልነበረ እጁን አየር ላይ አንስቶ መልሶ አወረደው።

"እትዬ፣ የምለስነው የታለ?" አለ። "አሁን ይሄ ልስን አይደለም፣ ቤት መሥራት ነው። ማገሩ ይታደሳል፣ ይመረጋል፣ ከዚያ መድረቅ አለበት። በዚህ ዝናብ ደግሞ ጭቃ አይደርቅም። አልዋሽዎትም፣ ከመስከረም በፊት አይሆንም።"

እትዬ ወደ ባላቸው ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም።

"እኔ ግድግዳ ነው የጠየቅሁህ፣ ደመቀ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።"

ጋሽ ደመቀ ሰዓታቸውን አዩ። እኔም አፈርኩ። የያዝኩትን ቃለ ጉባኤ የምከትበት አጣሁ። ቢላውን ይዤ ያን ጠጣር ጭቃ ሳራግፍ የነበርኩት እኔው ነኝ፤ አርባ ሦስቱንም ገጽ "ጸደቀ፣ ጸደቀ" እያልኩ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። በዚያው ቀን ዕቃዬን ከጓሮዋ ክፍል አውጥቼ የእትዬን አልጋ አስገባሁ። ደረቅ ናት፣ ለሳቸው ትሆናለች። እኔ ፍራሼን ይዤ የምዕራቡ ክፍል ውስጥ ከጋሽ ደመቀ ጎን ገባሁ። ማገሩ ላይ ሸራ ወጠርንበት። ነፋስ ሲመጣ አንደኛውን ጫፍ እሳቸው፣ አንደኛውን እኔ እንይዛለን።

ጋሽ ደመቀ ግን በዚህ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። በሳምንቱ፣ ሸራውን እንደያዝን፣ ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ከፈቱ። የመወያያ ነጥቡ አንድ ነበር፦ ግድግዳ የሌለው ቤት ሌባ ይገባበታልና ታማኝ ዘበኛ ያስፈልገዋል። ሰባት ሰኞ የተፈተነ፣ ከቀዩ መስመር በታች አንዴም ያልፈረመ ዘበኛ ደግሞ በእጃችን ነበር። ወንድዬም ከመጋዘኑ ይልቅ ለቤቱ ስለሚቀርበው ተስማማ። አንድ ለሳኝ ለመቅጠር የተጀመረው ታላቅ ሥራ፣ አንድ ዘበኛ በመቅጠር በአመርቂ ሁኔታ ተጠናቀቀ።

በመጀመሪያው ጠዋት ጋሽ ደመቀ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እያሳሉ ወጥተው መዝገቡን ዘረጉ። እኔም እያሳልኩ እስክሪብቶ አቀበልኳቸው። ከጓሮ የሳል ድምፅ አይሰማም፤ እትዬ ተኝተዋል። ወንድዬ ልክ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ፈረመ፣ ካፖርቱን አራገፈ፣ ዱላውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመና የሌሊቱን ሁኔታ ሪፖርት አደረገ።

"ሰላም ነው ጋሼ። ከዝናቡ በቀር ማንም አልገባም።"